ከግራ ትከሻዬ ኋላ የቆመው ጠርሙስ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት እናቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ከዚህ ከባሕር ማዶ ሆኜ እጅዎን እስማለሁ፤ ምርቃትዎንም እለምናለሁ። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ በዚህ በእርጥቡ ወራት አልጠናብዎትም ወይ? ደረጃውን ሲወጡ ዛሬም ግድግዳውን ተደግፈው ነው ወይስ አጎቴ ቃል የገባልዎትን የእንጨት መደገፊያ ሠራልዎት? እኔ ልጅዎ በአካሌ ደኅና ነኝ። ስለ ሐሳቤ ከታች እጽፋለሁ።

ሰላምታዬ ለአጎቴ ለቴዎቶኒዮ ይድረስ፤ አናናሱን የሚያበቅልባቸው ቤቶች መስታወት የዘንድሮውን ነፋስ ቻለ ወይ? አናናሱ ቶሎ እንዲያብብ ባለፈው ወር ጭስ የገባበት ክፍል አበባ ያዘ ወይ? ሰላምታዬ የመንደራችንን ሕፃን ሁሉ በእጇ ለተቀበለችው ለአዋላጇ አክስቴ ለኤውላሊያ ይድረስ፤ ሳሏ ተሻላት ወይ? ሰላምታዬ ለእህቴ ለዙልሚራ፣ ለባሏ ለኤጋስ፣ ገና ላላየሁት ለልጃቸውም ይድረስ፤ ስሙን ማን አላችሁት? ሰላምታዬ ይህን ደብዳቤ መነጽሩን ሰክቶ ለሚያነብልዎ ለክርስትና አባቴ ለቤላርሚኖ ይድረስ፤ እዚህ ላይ ጉሮሮውን ይጥረግ፤ ደብዳቤው ረጅም ነው። ሰላምታዬ በቁም ሳጥኑ ላይ ላለው ለወንድሜ ለዴኦዳቶ ፎቶግራፍም ይድረስ። ያ ቴሌግራም ከአንጎላ ከመጣ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤ እኔ ግን ሰላምታ ስደረድር ስሙን መዝለል እጄ እንቢ ይለኛል።

እናቴ ሆይ፤ ይህ ወረቀት ከዚህ ከወይን ኮረብታ ተነሥቶ ደሴታችን እስኪደርስ በብዙ እጅ ያልፋል። ስለዚህ የአራተኛ ክፍል መምህሬ እንዳስተማሩኝ ቃሉን እየመረጥሁ፣ ማንም ቢያነበው የማያስነውረኝን ብቻ እጽፋለሁ። የቀረውን እርስዎ እናቴ ነዎትና ያውቁታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃያ ዓመት ስለሞላኝ ለወታደርነት ምርመራ ተጠራሁ። ዴኦዳቶ በተጠራ ጊዜ የሆነውን አይረሱትም። ብቁ ነህ ብለው ቀዩን ሪባን ደረቱ ላይ ሲሰኩለት መንደሩ ሁሉ ጨፈረለት፤ እርስዎ ብቻ ወጥ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። እዚህም ልማዱ ያው ነው። ብቁ የተባለ ቀይ ያስራል፤ የተሰናበተ ነጭ ያስራል። ነጩን ባሰረው ይቀለድበታል፤ ቀዩን ላሰረው ይጨፈርለታል። ወደ ጦርነቱ በመርከብ የሚጫነው ግን ቀዩን ያሰረው ነው።

የእኔ ነገር የተንጠለጠለው በጆሮዬ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት በምሠራበት የወይን ጓዳ አንድ ጠርሙስ አጠገቤ ፈንድቶ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በግራ ጆሮዬ እንደማልሰማ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። እንዳላስጨንቅዎት ብዬ አልጻፍሁልዎትም። እርስዎ «ከልጆቼ ሁሉ ጆሮው የቀና ሲልቬሪዮ ነው፤ መርከቧ ከመታየቷ በፊት ፉጨቷን ይሰማል» ይሉ እንደነበር አስታውሳለሁ። እባክዎ ይህን ከእንግዲህ ለጎረቤት አይንገሩ።

ሥራዬን ያውቁታል፤ አረፋ ያለውን ወይን፣ እዚህ ሁሉም ሻምፓኝ የሚለውን፣ አተላው ወደ አፉ እንዲወርድ ጠርሙሶቹን አንገታቸውን ቁልቁል ደፍቼ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አዞራለሁ። በየጠርሙሱ ውስጥ የታፈነ ትንፋሽ አለ። አንዳንዱ ጠርሙስ መቻል ሲያቅተው ይፈነዳል፤ ስለዚህ ፊታችንን በሽቦ ጭምብል ሸፍነን ነው የምንውለው። አለቃዬ አልባኖ በዚያ ጓዳ ሠላሳ ዓመት ኖሯል፤ እኔም የምኖረው እርሱ ቤት፣ ከዳቦ ምድጃው በላይ ባለችው ክፍል ነው። ሚስቱ እትዬ ኤርሚኒያ ታበላኛለች፤ ልብሴንም ታጥብልኛለች። ደግ ሴት ናት፤ በስሜ ግን ጠርታኝ አታውቅም፤ «አናናስ» ነው የምትለኝ። አሁን ጓዳው ሁሉ እንደዚያ ይለኛል።

ምርመራው ለሐሙስ ተቀጥሮ ሳለ፣ እትዬ ኤርሚኒያ የምርመራውን ሐኪም ከባለቤታቸው ጋር ለእሑድ ምሳ ጠራች። ሐኪሙ በማዕረግ ሻምበል ናቸው፤ በየዓመቱም የቤታቸውን ወይን ከአልባኖ ይወስዳሉ። ለእኔ እንዲህ አለችኝ፦

«ሐሙስ ዕለት ራቁትህን ተሰልፈህ ከሚያዩህ፣ እሑድ እኔ ቤት ሸሚዝህን ለብሰህ ይዩህ። እናትህ የላከችልህን አናናስ አውርድ። በከተማ ሀብታሞቹ የሚጠጡትን ኮክቴል ትሠራላቸዋለህ።»

«እትዬ፣ እኔ አናናስ ተክዬ አውቃለሁ እንጂ ጠጥቼ አላውቅም» ብላት «ሻምፓኝስ መቼ ጠጥተህ ታውቃለህ? ስታዞር ነው የምትውል!» ብላ በሣቅ ፈነዳች።

የላኩልኝ ሁለቱ አናናሶች ገለባቸው እንኳ ሳይነካ ደርሰዋል፤ ስለ እነርሱ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገለባውን ስፈታ የአጎቴ መስታወት ቤት ሽታ ክፍሉን ሞላውና ጥቂት ቁጭ አልሁ።

ሐኪሙ ቀጭን ሰው ናቸው። ብዙ አይናገሩም፤ ሲናገሩም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። እንዲህ ባለ ሰው ፊት በአንድ ጆሮ መዋል ምንኛ እንደሚያደክም ልነግርዎ አልችልም። በክንዳቸው ላይ የሐዘን ጨርቅ አስረዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኮንስታንሳ ከራሳቸው እስከ እግራቸው ጥቁር ለብሰዋል፤ የእርስዎን የመሰለ ጥቁር ሻርፕም ደርበዋል። እትዬ ኤርሚኒያ ወጥ ቤት ስትገባ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «አንድ ልጅ ነበራቸው፤ እርሱም እንደ ወንድምህ እዚያው አንጎላ ቀረ» አለችኝ። ይህን ያለችኝ በቀኜ በኩል ነው።

ምሳው የተጠበሰ የአሳማ ግልገል ነበር፤ ቆዳው እንደ ብስኩት ይሰበራል። አልባኖ እየቆረጠ «ዶክተር፣ ይህ ልጅ ከሠራተኞቼ ሁሉ ይሻለኛል» አለ። «ስድቤን በግማሽ ስለሚሰማ አይቀየመኝም።» ሐኪሙ ፈገግ አሉ፤ ዓይናቸው ግን አብሮ ፈገግ አላለም።

ከዚያ አናናሱን አቀረብሁ። አጎቴ አናናስ ሊቆርጥ ሲል ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ፤ በጣቱ መታ መታ አድርጎ ያዳምጠዋል። ድምፁ ድፍን ያለ ከሆነ በስሏል፤ እንደ ባዶ ሣጥን ካስተጋባ ገና ነው። አጎቴ ሁልጊዜ የሚያዳምጠው በግራ ጆሮው ነው፤ እኔም ከእርሱ ነው የተማርሁት። እጄ ልማዱን ተከትሎ አናናሱን አነሣው፣ መታ መታ አደረገው፣ ወደ ላይ ይዞት ወጣ። አገጬ ሥር ሲደርስ ሐኪሙን አየኋቸው። ሹካቸውን አስቀምጠው ያዩኛል። አናናሱን ወደ ቀኝ አሻገርሁትና አዳመጥሁት። «በስሏል» አልሁ፤ ድምፄ ከሌላ ሰው አፍ የወጣ መሰለኝ።

አናቱን ከነቅጠል ዘውዱ ቆርጬ እንደ ክዳን ለብቻው አኖርሁት። ሆዱን ቅርፊቱ ሳይቀደድ በቢላዋ ፈልፍዬ አወጣሁ። ሥጋውን ከስኳርና ከሎሚ ልጣጭ ጋር በሙቀጫ መውቀጥ ጀመርሁ። እትዬ ኤርሚኒያ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ስወቅጥ ሳለሁ ሐኪሙ ከወንበራቸው ተነሥተው በግራዬ በኩል መጥተው፣ በትንፋሽ ያህል፣ «ልጄ፣ የጫማህ ማሰሪያ ተፈቷል» ብለውኝ ነበር። እኔ መውቀጤን አላቋረጥሁም። ማሰሪያው በእርግጥም ተፈትቶ ነበር። ይህን ያየሁት እርሳቸው ተመልሰው ከተቀመጡ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጎንበስ ብዬ ለማሰር ድፍረቱን አጣሁ። ምሳው እስኪያልቅ መሬት በሚጎተት ማሰሪያ ተመላለስሁ።

የተወቀጠውን በወንፊት አጠለልሁ፤ አንድ ሲኒ የሸንኮራ አገዳ አረቄ ጨምሬ ወደ ቅርፊቱ መለስሁት፤ ጥቂት የናና ቅጠል በትኜበት በበረዶ ላይ አቆምሁት። በረዶውን ሐኪሙ ከዓሣ ገበያ ገዝተው በጆንያ ጠቅልለው በመኪናቸው ያመጡት ነበር። ወይዘሮ ኮንስታንሳ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ።

«ዕድሜህ ስንት ነው?»

«ሃያ፣ እመቤቴ።»

«ሃያ» አሉ። ባላቸው እጃቸውን ሊይዟቸው ሲሉ ወይዘሮዋ እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ።

ወይኑን ማፍሰስ ለእኔ ቀላሉ ክፍል ነበር። ስኳር ያለበት ነገር ላይ ሻምፓኝ በድንገት ከፈሰሰ አብዶ ይነሣና ጠረጴዛውን ያጥባል። ስለዚህ ጭማቂውን በየብርጭቆው እስከ ሲሶ ከቀዳሁ በኋላ ወይኑን በማንኪያ ጀርባ ላይ እያንሸራተትሁ ቀስ ብዬ አወረድሁት። አረፋው ነጭ ሆኖ ተነሣ፤ ከብርጭቆው አፍ ላይ ደርሶ ቆመ። እትዬ ኤርሚኒያ አጨበጨበች። «አየህ! አናናስ ሰው ሆነ!»

ካዘጋጀናቸው ሦስት የወይን ጠርሙሶች ሁለቱ ከጠዋት ጀምሮ በጉድጓድ ውሃ የቀዘቀዙ ነበሩ። ሦስተኛውን ግን እትዬ ኤርሚኒያ ምድጃው ጫፍ ላይ ረስታው አርፍዶ፣ ትኩስ እንደሆነ አንሥታ በረዶው ውስጥ ከተተችው። ሞቆ ያረፈደ ጠርሙስ በረዶ ውስጥ እንደማይገባ የጓዳ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እርሷ ግን የጓዳ ሰው ሚስት እንጂ የጓዳ ሰው አይደለችም። ከዚያም አውጥታ ከግራ ትከሻዬ ኋላ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አቆመችው። ወይዘሮ ኮንስታንሳ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው የተቀመጡት እዚያው ነበር፤ ጠርሙሱ ከፊታቸው አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። ይህን ሁሉ የነገሩኝ በኋላ ነው፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ስቀዳ ነበርና አላየሁም።

ሁለት ጆሮ ያላቸው ሰዎች እንደሚሉት፣ ጠርሙስ ከመፈንዳቱ በፊት ድምፅ አለው። መስታወት በጥፍር ሲፋቅ እንደሚሰማው ያለ፣ በጣም ቀጭን ድምፅ ነው ይላሉ። ከዚያ በኋላ ሦስት ትንፋሽ ያህል ጊዜ አለ። በጓዳ ሳለን ያን የሰማ ሰው አያስብም፤ አጠገቡ ያለውን ገፍቶ አብሮ ይወድቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ የተማርነው እርሱን ነው።

እናቴ፤ እጄ ላይ የነበረው ብርጭቆ መቼ እንደወደቀ አላውቅም። ራሴን ያገኘሁት ወለሉ ላይ ነው፤ ወይዘሮ ኮንስታንሳ ከሥሬ ናቸው፤ ወንበራቸው ተገልብጧል። ከላያችን ጠርሙሱ ፈነዳ። ስብርባሪው ግድግዳው ላይ ተሰካ፤ የአናናሱን ዘውድ ቆረጠው፤ አንዱ ሸሚዜን ቀድዶ ጀርባዬን ጫረኝ። ቁስሉ ጥልቅ አይደለም፤ እትዬ ኤርሚኒያ በአረቄ አጥባ አስራልኛለች፤ ስለ እርሱ አያስቡ።

ሐኪሙ ወደ ሚስታቸው ሳይሆን ወደ እኔ ተመለከቱ።

«እንዴት አወቅህ?»

«አየሁት» አልሁ።

«ጠርሙሱ ከኋላህ ነበር።»

ከወይዘሮዋ ላይ ተነሥቼ ቆምሁ።

«ከኋላህ» አሉ ደግመው፣ «በግራህ በኩል።»

ያን ጊዜ አልባኖ አፉን በእጁ ጠረገና ጣልቃ ገባ። «ዶክተር፣ የጓዳ ሰው ጠርሙስን የሚሰማው በጆሮው አይደለም፤ በእግሩ ነው። ወለሉ ይነግረዋል። እኔም ተሰምቶኝ ነበር፤ ግልገሉ ሆዴ ውስጥ ከብዶኝ መነሣት አቃተኝ እንጂ።»

«አንተ?» አለች እትዬ ኤርሚኒያ። «አንተ ቤቱ ቢናድ እንኳ ትራስ ነው የምትጠይቀው!»

ማንም አልሣቀም። ሐኪሙ ዓይናቸውን ከእኔ አላነሡም። ከግንባሬ የወረደው ላብ አፌ ገባ፤ ጨው ጨው አለኝ።

ወይዘሮ ኮንስታንሳ በራሳቸው ተነሡ። የቀሚሳቸውን ስብርባሪ አራገፉ፤ ወንበራቸውን አቁመው ወደ ትልቁ ጠረጴዛ ጎትተው ተቀመጡ። «የእኔ ብርጭቆ የታለ?» አሉ። እትዬ ኤርሚኒያ እንደምትለው እኒህ ሴት ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ከውሃ በቀር ነክተው አያውቁም። ከቀረው ቀዳሁላቸው። እስከ ታች ጠጡት።

«ይጣፍጣል» አሉኝ። «እጅህ ግን ይንቀጠቀጣል።»

«በረዶው ነው፣ እመቤቴ።»

«አዎ» አሉ፣ ባላቸውን እያዩ። «በረዶው ነው።»

ሊሄዱ ሲሉ የወይዘሮ ኮንስታንሳን እጅ ልስም ጎንበስ አልሁ። ትከሻዬን ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቡኝና ረዘም ላለ ጊዜ በጆሮዬ ተናገሩ። ሐኪሙ የመኪናውን በር እንደከፈቱ ቆመው ያዩ ነበር። ምን እንዳሉኝ ብነግርዎት ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን የተናገሩት በግራ ጆሮዬ ነበርና አልሰማሁም።

ሐሙስ ዕለት አሥራ አራት ሆነን በአንድ ቀዝቃዛ አዳራሽ ራቁታችንን ቆምን። ተራዬ ሲደርስ ሐኪሙ ፈጽሞ እንደማያውቁኝ ሆኑ። ቀኝ ጆሮዬን በጣታቸው ደፈኑና ከግራዬ በኩል ሳንቲም ወለል ላይ ጣሉ። ፊት ለፊቴ ያለው ግድግዳ ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ እያየሁ ቆምሁ። ከዚያ ቁጥር በሹክሹክታ ጠሩ፤ እንደዚያ ያደረጉ ይመስለኛል፤ ትንፋሻቸው አንገቴን ነክቶኛልና። ከዚያ ተቀምጠው ብዙ ጻፉ። ጸሐፊው «ቀይ ነው ነጭ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ራሳቸውን ሳያነሡ «ይቆይ» አሉ፤ «ከሰበካው ማስረጃ ያምጣ። እስከ ወሩ ሃያ።» ከአሥራ አራታችን አሥራ ሁለቱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ አስሮ ወጣ። እኔ ምንም ሳላስር ስወጣ ልጆቹ «አናናስ ገና አልበሰለም!» እያሉ ተሳለቁብኝ።

አሁን ክርስትና አባቴ ቀስ ብሎ ያንብብልዎ፤ አንዴ ከጨረሰም ይድገምልዎ።

ከእሑድ ወዲህ አንድ ነገር ጥርት ብሎ ትዝ ይለኝ ጀምሯል። ጆሮዬን ያጠፋው ጠርሙሱ አይደለም፤ እስካሁን ተሳስቼ ኖሬአለሁ። በሰባት ዓመቴ ኩፍኝ ይዞኝ ዘጠኝ ቀን ተኝቼ የተነሣሁ ጊዜ ነው የጠፋው። ከፍንዳታ የመጣ ሕመም በትልቁ ከተማ ሆስፒታል በመሣሪያ ይመረመራል ይባላል፤ መሣሪያው ደግሞ አይሳሳትም ይባላል። ከሕፃንነት የመጣ ግን በቄስና በአዋላጅ ቃል ይጸናል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመረምረው የለም ይባላል። ይህን ከማን እንደሰማሁት አላስታውስም።

ስለዚህ ጉልበትዎ ቢያምዎትም ከዙልሚራ ጋር ወደ ቄሱ ይሂዱልኝ። ልጄ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ በግራ ጆሮው አይሰማም የሚል ወረቀት በሰበካው ማኅተም ይጻፍልኝ፤ አክስቴ ኤውላሊያም አዋላጅ ናትና ከሥሩ ትፈርም። ጠርሙስ የሚል ቃል በውስጡ እንዳይገባ። ቄሱ ቢያመነቱ፣ ለዴኦዳቶ ያለ ሬሳ ሣጥን ጸሎተ ፍትሐት ያደረሱት እርሳቸው መሆናቸውን ብቻ ያስታውሷቸው፤ ሌላ ነገር አይከራከሯቸው።

ዝም ብዬ እየቀዳሁ ቆሜ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር፤ ይህ በሐሳቤ ይመላለሳል። አልባኖም ትናንት ጠርሙስ እያዞርን ሳለ «ሦስት ትንፋሽ መቆም አቃተህ፣ አንተ ጅል» አለኝና ጭምብሉን አውርዶ ፊቱን ሸፈነ። ሴትዮዋ ግን ጥቁር ለብሰው ነበር። እርስዎም ጥቁር ለብሰዋል። ሌላ ምክንያት የለኝም።

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ የአጎቴን መስታወት ከነፋስ ይጠብቅ፤ ለዙልሚራ ልጅ ዕድሜ ይስጥ፤ ለእርስዎም ሁለተኛ ቴሌግራም አያምጣብዎ። መርከቧ በወሩ አሥራ አራት ከወደባችሁ ትነሣለች፤ ወረቀቱ በእርሷ ካልመጣ ለሃያ አይደርስም። መልስዎን በዚያችው መርከብ ይላኩልኝ፤ እግርዎን ስሜ እለምንዎታለሁ፣ ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት ዕለት ጽፈው ይላኩልኝ።

በቀኝ ጆሮው ብቻ የሚሰማው
ልጅዎ